ደሴ ላይ ሊሠራ የታሰበው ባለ ፎቅ ሕንፃ መንገዱን ምን ያደርገዋል? የትራፊክ ጥናቱን እንዴት እንመርምረው?

ጦሳ ሥር (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የሰፈራችን ሰው ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጉዳዩ ከዋናው አስፋልት ዳር ሊሠራ ስለታሰበ ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው። ከመሬት በታች መኪና ማቆሚያ፣ ከታች ሱቆች፣ ከላይ ክሊኒክና ቢሮ፣ ጣሪያው ላይ ካፌ።

ሕንፃው ቢሠራ ደስ ይለኛል። ሥራ የሚፈልግ ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ከተማችንም ማደግ አለባት። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ከታደለን ወረቀት ላይ ስለ ትራፊክ የተጻፈው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። በቂ የመኪና ማቆሚያ ስላለ መንገዱ ላይ የሚመጣው ጫና ዝቅተኛ ነው ይላል። አለቀ።

ደሴን የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተኛች ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። አንድ ቦታ ሲዘጋ ዞር ብለህ በሌላ ልሂድ ብትል አማራጭህ ጥቂት ነው። ጠዋት ወደ 2 ሰዓት ሲጠጋ ልጆች ትምህርት ቤት ለመድረስ በባጃጅና በሚኒባስ መሀል እየተሹለከለኩ ነው የሚሻገሩት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የትራፊክ ተጽዕኖ ጥናት የሚባለው በትክክል ምን ምን መያዝ አለበት? በሚቀጥለው ስብሰባስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሦስት እግር

ወንድሜ ጥሩ አነሳህ። እዚያ መታጠፊያ ጋ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጨቃጨቅ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ማቆሚያ ያሉት ለመኪና ነው። ባጃጅስ የት ይቁም?

ቦርከና

ሰላም ጦሳ ሥር። ሙያዬ የመንገድ ምህንድስና ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

በቂ ማቆሚያ አለ ማለት ስለ ትራፊክ ብዙ አይነግርህም። መኪናው የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው የሚነግርህ። ጥናቱ መመለስ ያለበት መኪናው እዚያ በየት በኩል እንደሚደርስ፣ የትኛው መስቀለኛ ላይ እንደሚታጠፍ፣ ሲገባና ሲወጣ ደግሞ ማንን እንደሚያስቆም ነው። እንዲያውም ማቆሚያ በሰፋ ቁጥር ቤቱ ትቶት ሊመጣ የነበረው ሰው መኪናውን ይዞ ይመጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። ሰዎች መስቀለኛው ላይ ቆመው በየ15 ደቂቃው ይመዘግባሉ። ቀጥ ያለው ስንት ነው፣ ቀኝ የታጠፈው፣ ግራ የታጠፈው፤ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ የቤት መኪና፣ አይሱዙ፣ ተሳቢ፤ የሚሻገረው እግረኛ። ከዚያ ድምራቸው ትልቅ የሆነው አራት ተከታታይ 15 ደቂቃዎች ተለይተው ይወጣሉ። የመንገዱ የጭንቅ ሰዓት ያ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው በሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሕንፃው ባይሠራስ መንገዱ ምን ይመስላል የሚል ነው። ትራፊኩ በየዓመቱ 7 በመቶ ቢያድግ በ10 ዓመት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥናቱ የዛሬውን ብቻ አይቶ ማቆም አይችልም። ሕንፃው የሚከፈትበትን ዓመት፣ ከዚያም ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ ያለውን፣ ከነሕንፃውና ያለ ሕንፃው ማሳየት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ተጽዕኖ የሚባለው።

ከባዱ ክፍል ሕንፃው ስንት ጉዞ ይጠራል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አጥኚዎች የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም ከሚያሳትመው መጽሐፍ ቁጥር ይወስዳሉ። መጽሐፉ ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን አብዛኛው መረጃው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በራሱ መኪና ከሚመጣበት የከተማ ዳርቻ ነው። ደሴ ላይ ወደ ገበያ የሚመጣው ሰው በእግሩና በባጃጅ ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ብትገለብጠው የሌለ መኪና ትቆጥርና ያለውን ባጃጅ ትረሳለህ።

መፍትሔው ቀላል ነው። እዚሁ ደሴ ውስጥ የሚመሳሰል ሕንፃ ፈልግ። በሩ ላይ ቁም። በጭንቅ ሰዓት ስንት ሰው እንደገባ፣ በምን እንደመጣ ቁጠር። ለወለሉ ስፋት አካፍለው። ለአዲሱ ሕንፃ የምትጠቀምበት ቁጥር ከዚያ ይወጣል።

ዓምድ

እኔ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ፕሮጀክት ግን እጄ የለበትም። አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ሕንፃው የሚገባው ሁሉ አዲስ ጉዞ አይደለም። ዛሬም እዚያው አካባቢ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አለ፤ ነገ አዲሱ ሱቅ ይገባል። ያንን ሁሉ እንደ አዲስ ከቆጠራችሁ ሕንፃውን ያልሠራው ኃጢአት ትጭኑበታላችሁ።

ሌላው ስጋቴ ደግሞ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሕንፃ ወፍራም ጥናት አምጣ ከተባለ ገንዘብ ያለው ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ይሠራል። ደሴ ያጣችው ይበቃታል።

ቦርከና

ዓምድ፣ የመጀመሪያው ነጥብህ ትክክል ነው። በመንገዱ ላይ ሲያልፍ ጎራ የሚለው ሰው ከአዲሱ ጉዞ ላይ ይቀነሳል። ግን ከመንገዱ ቁጥር ነው እንጂ ከበሩ ቁጥር አይቀነስም። ቀጥ ብሎ ያልፍ የነበረው ሚኒባስ አሁን በሩ ጋ ቆሞ ሰው ያወርዳል። መንገዱን የሚዘጋው ደግሞ ያ ነው።

ስለ ሁለተኛው፣ ለሁሉም ወፍራም ጥናት ይሠራ አላልኩም። በሌላ አገር መነሻ የሚሆን መጠን አለ። በብዛት የሚታወቀው በጭንቅ ሰዓት 100 እና ከዚያ በላይ አዲስ የመኪና ጉዞ የሚጠራ ፕሮጀክት ሙሉ ጥናት ይደረግለት የሚለው ነው። ከዚያ በታች ላለው የመግቢያና መውጫው አቀማመጥ ላይ ብቻ አጭር ማብራሪያ ይበቃል። ለባለሀብቱም ቢሆን ወረቀት ላይ ማስተካከል ይሻለዋል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ በር ማዛወር ማለት ምን እንደሆነ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

እህል ተራ

ልጆቼ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ስለ መጽሐፉ አላውቅም፤ ስለ ሰኞ ግን እነግራችኋለሁ።

ሰኞ ደሴ ሌላ ከተማ ናት። ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከአልብኮ፣ ከደሴ ዙሪያ ሰው ይመጣል። አህያ ጤፍ ተጭኖ ይመጣል። በግ በመንጋ ይነዳል። ሸቀጥ የእግረኛውን መንገድ ይሞላውና እግረኛው አስፋልት ላይ ይወርዳል። አዛውንት አስፋልት ላይ፣ ነፍሰ ጡር አስፋልት ላይ። አይሱዙው በመሀላቸው ጡሩንባ እየነፋ ያልፋል። አራግፎ የሚሄደው መኪና ደግሞ ወደ ኋላ ሲመለስ ማንም አያየውም።

ማክሰኞ መጥቶ ቆጥሮ መንገዱ ባዶ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ምስክር እሆንበታለሁ።

ጦሳ ሥር

እትዬ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ላይ ቆጠራው የተደረገው በየትኛው ቀን እንደሆነ አልተጻፈም። ይህንን መጀመሪያ እጠይቃለሁ።

ቦርከና

እትዬ ያሉት የጥናቱ ቁልፍ ነው። በመጽሐፍ ላይ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቁጠሩ የሚል ልማድ አለ። ምክንያቱ ሰኞና ዓርብ ከሌላው ቀን ይለያሉ፣ መደበኛውን ያዛባሉ የሚል ነው። ለሌላ ከተማ ይሠራል። ደሴ ላይ ግን ሰኞ በየሳምንቱ የሚመጣ፣ የከተማዋ ኑሮ የቆመበት ቀን ነው። ሰኞን ያልቆጠረ ጥናት በዓመት 52 ቀን የሚሆነውን ነገር ዓይኑን ጨፍኖ አልፎታል። ስለዚህ አንድ መደበኛ ቀንና ሰኞ፣ ሁለቱም ይቆጠሩ። በጁምዓ ሶላት ሰዓት መስጊዱ አካባቢ ያለውም መታየት አለበት፤ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ የሚመጣውም ሰው ብዙ ነው።

በተቃራኒው መስከረም 21ን አትቁጠሩ። ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄደው መንገደኛ በደሴ ሲያልፍ ከተማዋ አውቶቡስ በአውቶቡስ ትሆናለች። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ነገር ሕንፃ አይነደፍም። ለዚያ ቀን የትራፊክ ፖሊስ ዕቅድ ይወጣለታል፤ በቃ። ትምህርት በተዘጋበት ክረምት መቁጠርም እንዲሁ ያሳስታል። ጠዋት የሚሻገሩት ልጆች በሙሉ ከወረቀቱ ይጠፋሉ።

ሀረጎ

የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከኮምቦልቻ ሀረጎን ጠመዝማዛውን ወጥተን፣ ሞተሩ ግሎ፣ ጭጋግ ካለ ደግሞ ዓይናችንን አፍጥጠን ነው ደሴ የምንደርሰው። ያንን ሁሉ አልፈህ ከተማ ስትገባ ዳገት ላይ አንድ ባጃጅ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆምብሃል። የተጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ አቁመህ እንደገና ማስነሳት ቀልድ አይደለም። አንደኛ ማርሽ አስገብተህ ቀስ ብለህ ስትነሳ ከኋላህ የተሰለፈው ሁሉ ይጮህብሃል። ይህን የሚቆጥረው አለ?

ቦርከና

ሀረጎ፣ መቆጠር አለበት። በስሌቱ ሁሉም ተሽከርካሪ ወደ የቤት መኪና መለኪያ ይቀየራል። ተሳቢ ከአንድ በላይ መኪና ሆኖ ይቆጠራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል፤ አንተ የነገርከን ነው ምክንያቱ። አጥኚው ሜዳ ላይ የወጣ ቁጥር ወስዶ ደሴ ዳገት ላይ ከተጠቀመ መንገዱ ከእውነቱ በላይ የሚችል ይመስለዋል።

ሦስት እግር፣ ያንተን ጥያቄ አልረሳሁም። አንድ ነገር ልጠይቅህና እመለስበታለሁ። አንድ ሰው አውርደህ ገንዘብ ተቀብለህ እስክትነሳ ምን ያህል ይፈጅብሃል?

ሦስት እግር

ዝርዝር ካለ ወዲያው ነው፤ ደቂቃም አይሞላ። ዝርዝር ከሌለ ግን ሱቅ ገብቶ እስኪያመጣ መጠበቅ ነው። ዋናው ጉዳይ ማውረዱ አይደለም። ካወረድኩ በኋላ ባዶዬን አልሄድም። ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ኮንትራት ካገኘሁም እዚያው ነው የምደራደረው። እኔ ስጠብቅ ሌላው ከኋላዬ ይቆማል፣ ሦስተኛው ቦታ ሲያጣ ከጎኔ ይደርባል። ትራፊክ ሲመጣ እንበተናለን፤ ሲሄድ እንመለሳለን። ወደን አይደለም። ሰው ያለው እዚያ ነው።

ቦርከና

አብሽር፣ ይህ መልስ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ እውነተኞቹ ከቆጠራ ይወጣሉ።

ሕንፃው 4,000 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በጭንቅ ሰዓት ለእያንዳንዱ 100 ካሬ 15 ሰው ይገባል እንበል። 600 ሰው ሆነ። ከዚያ ውስጥ 40 በመቶው በባጃጅ ቢመጣ 240 ሰው ነው። አንድ ባጃጅ በአማካይ ሁለት ሰው ቢያመጣ 120 ባጃጅ በአንድ ሰዓት።

አሁን ሁለቱን ሁኔታ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ባጃጅ አውርዶ በ45 ሰከንድ ውስጥ ከሄደ፣ በአንድ ጊዜ በሩ ጋ የሚገኘው በአማካይ አንድ ተኩል ባጃጅ ነው። ባጃጅ ተራ ጠብቆ አይመጣምና፣ አንዳንዴ አራት በአንድ ላይ ይደርሳሉ፣ አንዳንዴ ማንም የለም። ለአራት ባጃጅ የሚሆን ቦታ ከተሰጠ ከ100 ጊዜ 98ቱን ይበቃል። አራት ባጃጅ ማለት አንዲት ጠባብ መቆሚያ ናት።

ሦስት እግር እንዳለው ሰው ለመሙላት ሦስት ደቂቃ ከጠበቀ ግን አማካዩ ወደ ስድስት ይወጣል። አሥር ቦታ ብትሰጠው እንኳ አልፎ አልፎ ይሞላል። ቦታው ከሌለ የቀኙ መስመር ለባጃጅ ይውላል። መንገዱ በየአቅጣጫው ሁለት መስመር ካለው አንዱ ሄደ ማለት ነው። አንድ መስመር ብቻ ካለው ደግሞ ሀረጎ ከኋላ ቆሟል።

ሕንፃው ያው ሕንፃ ነው፣ ሰውም ያው ሰው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ባጃጁ በሩ ጋ የሚቆይበት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ስንት የቤት መኪና ምድር ቤት እንደሚገባ ብቻ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ ማውረጃው ለብቻ፣ መጠበቂያው ለብቻ ይሁን። ማውረጃው በሕንፃው ይዞታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። መጠበቂያው ደግሞ ከመስቀለኛው ራቅ ብሎ፣ ተራ አስከባሪ ተመድቦለት።

የኮምቦልቻ ልጅ

እኛም ጋ ያለው ታሪክ ይመሳሰላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ሁላችንም የተደሰትነው በሥራው ነው፤ ትክክልም ነበር። ግን የሠራተኛ መውጫ ሰዓት ላይ መንገዱን ብታዩት ሌላ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ሰርቪሱ። በባቲ በኩል ከሚሌ የሚመጣው ተሳቢም በዚሁ ከተማ ነው የሚያልፈው። የኛ የጭንቅ ሰዓት የቢሮ መግቢያ ሳይሆን የሺፍት መለወጫ ነው። የሺፍቱን ሰዓት በግማሽ ሰዓት ማለያየት ብቻ ያለ ምንም አስፋልት ብዙ ያቀላል።

እና የናንተ ሕንፃ ክሊኒክና ቢሮ ካለው ሰዓቱን ጠይቁ። ክሊኒኩ ጠዋት ልጆች በሚሻገሩበት ሰዓት ካርድ ማውጣት ከጀመረ ሁለቱ ጭንቅ ተደራረበ።

ነጭ ጋወን

ነርስ ነኝ። እባካችሁ አምቡላንስ አትርሱ። ደሴ የሪፈራል ከተማ ናት። ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአፋር ጭምር ሕመምተኛ ይላክልናል። ምጥ የያዛት እናት ብዙ ሰዓት ተጉዛ መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ስትደርስ ቆማ ስትጠብቅ የሚሰማንን አልነግራችሁም። ሳይረኑ ይጮኻል፤ ሾፌሮች ማሳለፍ ይፈልጋሉ፤ ግን ዞር የሚሉበት ቦታ የለም። አማካይ መዘግየት የሚባለው ቁጥር ይህችን እናት አያሳይም። በስብሰባው ላይ ይህንን በኔ ስም ጠይቁልኝ።

ጦሳ ሥር

እጠይቃለሁ እህቴ። ቃሌ ነው።

ቦርከና፣ አማካይ መዘግየት ስላለች፣ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የአገልግሎት ደረጃ ሐ የሚል አይቻለሁ። ምን ማለት ነው? ደግሞስ ሕጉ ለኛ ምን ይላል?

ቦርከና

በእንግሊዝኛው ፊደል ከኤ እስከ ኤፍ ስድስት ደረጃ አለ። የሚለካው አንድ መኪና መስቀለኛው ላይ በአማካይ ስንት ሰከንድ ይዘገያል በሚለው ነው። ኤ እስከ 10 ሰከንድ ነው። መብራት ያለው መስቀለኛ ከ80 ሰከንድ ካለፈ፣ መብራት የሌለው ከ50 ካለፈ ኤፍ ይባላል። ሦስተኛው ደረጃ መጥፎ አይደለም። ግን ሦስት ነገር ጠይቅ። የትኛው ዓመት ላይ ነው? የትኛው ሰዓት ላይ ነው? የመስቀለኛው ሁሉ አማካይ ነው ወይስ የእያንዳንዱ አቅጣጫ? ዋናው መንገድ በደንብ እየፈሰሰ ከመጋቢው መንገድ ወደ ዋናው የሚወጣው ሰው መውጫ ሊያጣ ይችላል፤ አማካዩ ይህንን ይደብቀዋል። ልኬቱ ደግሞ የመኪናን መዘግየት ነው። እግረኛው ለመሻገር የሚጠብቀው ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ነጭ ጋወን ያነሳችው የአምቡላንስ መተላለፊያም እንዲሁ።

ሌላም አለ። አንድ መስቀለኛ ከአቅሙ 85 ወይም 90 በመቶ ከተጠቀመ በኋላ መዘግየቱ በትንሽ በትንሽ አይደለም የሚጨምረው፤ ይተኮሳል። ዛሬ እየተንገታገተ የሚሄድ መስቀለኛ ላይ ጥቂት ጭማሪ ብቻ ነው ያመጣነው የሚል መልስ አትቀበል።

ስለ ሕጉ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። ፕሮጀክቱ በዚያ ሥር የሚወድቅ ከሆነ ሰነዱ ለሕዝብ መቅረብና የኅብረተሰቡ አስተያየት መካተት አለበት። ስለዚህ ሙሉውን ሰነድ፣ ከነቆጠራ ቅጹ፣ አሳዩን ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ቃለ ጉባኤ ላይ ላይሰፍር ይችላል።

ዓምድ

የባጃጁ ስሌት አሳምኖኛል። ማውረጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ከምድር ወለል አንድ ሁለት ሱቅ ያስቀንሳል፤ ባለሀብቱ መጀመሪያ ይከፋዋል። ግን በሩ የታፈነ ሱቅ ኪራይ አያወጣም። ስብሰባው ላይ መጥቼ ይህንን ልናገር ፈቃደኛ ነኝ። ዕቃ ማራገፊያውም በኋላ በኩል፣ ምሽት ላይ ቢሆን እላለሁ። የክረምቱን ጎርፍ ደግሞ አንርሳ። ከጦሳ የሚወርደው ውሃ የምድር ቤቱ መግቢያ ላይ ከገባ ማቆሚያው ይዘጋና መኪናው ሁሉ መንገድ ዳር ይቆማል።

እህል ተራ

ማራገፊያውን ምሽት ያልከው ለትልቁ ነጋዴ ይሆናል ልጄ። ከገጠር የሚመጣው እህል ግን ሌሊት አይመጣም። ገበሬው ጠዋት ደርሶ፣ ሸጦ፣ ሳይመሽ ቤቱ መግባት አለበት። ለሱም ቦታ አስቡለት።

ዓምድ

እውነት ነው እትዬ። እንግዲያው ከኋላ በኩል ጠዋት የሚከፈት ማራገፊያ ይኑር፤ ለከባዱ መኪና ብቻ ምሽት ይሁን።

ጦሳ ሥር

እኛው ራሳችን ብንቆጥርስ? የሚመጣው ሰኞና ረቡዕ። ሦስት እግር ከጓደኞቹ ጋር፣ እኔ ከሰፈር ወጣቶች ጋር። ቅጹን ማን ያዘጋጅልናል?

ሦስት እግር

እኛ አለን። ተራ ገብተን እንቆማለን።

ቦርከና

ቅጹን እኔ ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ተኩል። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ሰው፣ ለእግረኛ ለብቻው አንድ ሰው፣ በአማካይ ባጃጅ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም የሚይዝ ደግሞ አንድ ሰው። ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃል። የተበላሸ መኪና መንገድ ከዘጋ ወይም ዝናብ ከጣለ ሰዓቱን ጻፉና መቁጠር ቀጥሉ፤ ቅጹን አትጣሉት። እትዬ፣ ሰኞ ዕለት የሚያራግፉት መኪኖች ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚመጡ አስቀድመው ቢነግሩን የመነሻ ሰዓቱን በዚያ አስተካክለዋለሁ።

እህል ተራ

የመጀመሪያው መኪና 12 ሰዓት ላይ ይደርሳል። በ1 ሰዓት ከጀመራችሁ ግማሹ አራግፎ ሄዷል።

ቦርከና

እንግዲያው ሰኞን ከ12 ሰዓት እንጀምራለን። ረቡዕ በ1 ሰዓት ይቆይ።